ሬዲዮው 7 ዲግሪ ሲል ሱሉልታ ሜዳ ላይ ስንት ነው?

በኅዳር አጋማሽ ማለዳ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ ሜዳ የወረደ ሰው የታጨደው ሣር ቅሪት ነጭ ለብሶ ያገኘዋል። ከሩቅ ሲያዩት ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ፀሐይ ጠንከር ስትል ነጩ ሟሙቶ ይጠፋል፤ ጉዳቱ የሚታየው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ማለዳ አረንጓዴ የነበረው የባቄላ ቅጠል እኩለ ቀን ሳይደርስ የፈላ ውኃ እንደተደፋበት ጎመን ይጠወልጋል፤ በማግስቱ ይጠቁራል። ማሳው የድንች ከሆነ ግንዱ ጭምር ይተኛል። አርሶ አደሩ አመዳይ ይለዋል፤ ባለሙያው ውርጭ።

በዚያው ሌሊት አዲስ አበባ ላይ የተመዘገበው ዝቅተኛ ሙቀት 6 ወይም 7 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊሆን ይችላል። ማታ በሬዲዮ የተነገረውም ይኸው ነው። ውኃ የሚረጋው በዜሮ ዲግሪ ነው ተብሎ የተማረ ሰው፣ 7 ዲግሪ ተብሎ እንዴት ውርጭ ወረደ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ትንበያው አልዋሸም። ቁጥሩ የተለካው ግን በሌላ ቦታ፣ በሌላ ከፍታና ከመሬት ራቅ ብሎ በተቀመጠ መሣሪያ ነው። ከዚያ ቁጥር ተነስቶ በራሱ ማሳ ላይ ምን እንደሚሆን መገመት የቻለ አርሶ አደርና ሳይገምት የተኛ ጎረቤቱ በበጋው መጨረሻ ጎተራቸው አንድ ዓይነት አይሆንም።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየዓመቱ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ያለፈውን ወቅት ገምግሞ የመጪውን በጋ የአየር ጠባይ አዝማሚያ ይፋ ያደርጋል። ይህ የወቅት ትንበያ ሰፊ አካባቢዎችን አጠቃሎ የሚናገር ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከአዲስ አበባ ጋር የሚዋሰኑ፣ በሸገር ከተማ ሥር የተካተቱ ናቸውና በካርታው ላይ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ዓይነት ቀለም ይደርሳቸዋል። መሬት ላይ ግን ሰበታ በደቡብ ምዕራብ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በምዕራብ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ በሰሜን በጎጃም መንገድ ያሉ ሦስት የተለያዩ አገሮች ናቸው። የአንዱ ሌሊት የሌላው ሌሊት አይደለም።

ከስሙ እንጀምር። ኢንስቲትዩቱ በጋ ሲል ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉትን ወራት ማለቱ ነው። በቆየው የዘመን አቆጣጠር ግን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መጸው ነው፤ በጋ የሚባለው ከታኅሣሥ 26 በኋላ ያለው ነው። የአካባቢው ኦሮምኛ ተናጋሪ አርሶ አደርም ዝናቡ ወጥቶ ሰማይ የሚጠራበትን ጊዜ ብራ፣ ደረቁን ወቅት ቦና ብሎ ይለያል። እናም የበጋ ትንበያ ወጣ ሲባል ብዙ ሰው ጥርና የካቲትን እያሰበ ይሰማና ገና ብዙ ጊዜ አለ ይላል። ትንበያው የሚናገረው ግን ስለዛሬው ማሳ ነው፤ ጤፉ ስለሚያሸትበት፣ ሽምብራው ስለሚያብብበት፣ ሣሩ ስለሚታጨድበት ጊዜ። በወረዳና በክፍለ ከተማ ደረጃ ትንበያውን ወደ ቀበሌ የሚያወርዱ ባለሙያዎች ወራቱን በስማቸው ጠርተው ቢናገሩ ይህ መሳሳት ይቀር ነበር።

ቁጥሩ የተለካበት ቦታ

በሚቲዎሮሎጂ ጣቢያዎች የአየር ሙቀት የሚለካው ነጭ ቀለም በተቀባ፣ ነፋስ በሚያሳልፍ የእንጨት ሳጥን ውስጥ፣ ከመሬት ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ በተቀመጠ ቴርሞሜትር ነው። ይህ ዓለም አቀፍ አሠራር ነው፤ አዲስ አበባን ከናይሮቢ፣ ዘንድሮን ከአምና ለማነጻጸር ያስችላል። ችግሩ ባቄላ ሁለት ሜትር ላይ አለመብቀሉ ነው። ደመና በሌለበት ሌሊት መሬት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቃለች፤ ቀድሞ የሚቀዘቅዘው የመሬቱ ገጽና በላዩ ያለው ቅጠል ነው። በእንዲህ ያለ ሌሊት ሣሩ ላይ ያለው ሙቀት ሳጥኑ ውስጥ ካለው በብዙ ዲግሪ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ቴርሞሜትሩ 3 ወይም 4 ዲግሪ እያነበበ ሣሩ በአመዳይ የሚነጣው።

ሁለተኛው ጉዳይ ከፍታ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። የሱሉልታ ሜዳ 2,600 ሜትር ገደማ ነው። አየር በየ100 ሜትሩ በአማካይ ከግማሽ ዲግሪ በላይ እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ በከፍታው ልዩነት ብቻ ሱሉልታ ከቦሌ ወደ 2 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ሬዲዮው 7 ካለ 5 ብሎ መቁጠር ነው።

ሦስተኛው ከሁለቱም ይብሳል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፤ እንደ ውኃ ወደ ታች ይወርዳል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከእንጦጦ ጀርባ ካሉት ተዳፋቶች ቀስ እያለ ይንሸራተትና ሜዳው ላይ ይተኛል። ሱሉልታ ዙሪያዋን በኮረብታ የታጠረች፣ ውኃዋ ወደ ሙገር የሚወርድ ለጥ ያለች ሜዳ ናት። ክረምት የዝናብ ውኃ የሚተኛበት ያው ረግረግ በጋ ሲሆን የቀዝቃዛ አየር ገንዳ ይሆናል። ከ5 ዲግሪው ላይ ለዚህ አንድ ሁለት፣ ሦስትም ዲግሪ ቀንሶ፣ ከዚያ ደግሞ የሣሩን ልዩነት ቢጨምሩበት ዜሮ ላይ ለመድረስ ምንም አይቀርም። ሬዲዮው ያለው 7 ሱሉልታ ሜዳ ላይ የደረሰው በዚህ መንገድ ነው።

ይህን በዓይን ማየት የሚፈልግ ሰው ኅዳር 12ን ይጠብቅ። በ1911 ዓ.ም የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ ከተማውን ከጎዳ ጀምሮ በዚያ ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፤ ኅዳር ሲታጠን የሚባለው ነው። በዚያ ማለዳ ጭሱ ወደ ላይ አይሄድም። ጥቂት ሜትር ከፍ ይልና እንደ ጣሪያ ተዘርግቶ ሸለቆ ሸለቆውን ይዞ ይተኛል። ጭሱን የሚይዘው ከታች ቀዝቃዛ፣ ከላይ ሞቅ ያለ አየር መኖሩ ነው። ጭሱ የተኛበት ቦታ ሁሉ ቅዝቃዜው የተኛበት ነው። ከብክለቱ አንጻር በቆሻሻ ማቃጠሉ ብዙ ሊነቀፍ ይችላል፤ ግን የውርጭ ካርታ በነጻ የሚሳልበት ማለዳም ነው። በየመንደሩ የሚጨሰው የማዕድ ቤት ጭስም በማንኛውም የጠራ ጠዋት ይህንኑ ያሳያል።

ከዚህ የሚከተለው ቀላል ነው። ከተዳፋቱ መካከለኛ ክፍል ያለ ማሳ ከሜዳው በታች ጫፍ ካለው ማሳ ይሞቃል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የአምስት ደቂቃ መንገድ ቢሆንም። ችግሩ መኖሪያ ቤቶች፣ መጋዘኖችና ፋብሪካዎች ደረቁንና ተዳፋቱን መሬት ቀድመው መያዛቸው ነው። ከተሞቹ እየሰፉ ሲሄዱ ለእርሻና ለግጦሽ የሚተርፈው ብዙውን ጊዜ ለግንባታ የማይመቸው ረግረግና የወንዝ ዳር ነው፤ ይኸውም ውርጩ የሚተኛበት መሬት ነው።

ደረቅ በጋ መልካም ዜና ነው?

የወቅት ትንበያ በሦስት መደብ ይቀርባል፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ምንም መረጃ ባይኖር ሦስቱም እኩል፣ ማለትም በግምት 33 በመቶ፣ ዕድል ይኖራቸዋል። ለምሳሌ ለአንድ አካባቢ ከመደበኛ በታች 45፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በላይ 20 በመቶ ተብሎ ቢቀርብ፣ ሚዛኑ ወደ ደረቅ አጋደለ ማለት እንጂ ዝናብ የለም ማለት አይደለም። ከአምስት ዓመት በአንዱ ተቃራኒው ሊሆን እንደሚችል ትንበያው ራሱ ተናግሯል። ወደ ታች ሲወርድ ግን አንድ ቃል ብቻ ይተርፋል፦ "ደረቅ ነው ተብሏል"።

ይህ ቃል በሪፖርት ላይ ሁልጊዜ መልካም ዜና ሆኖ ይገባል፤ ሰብል ለመሰብሰብ አመቺ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ለታጨደ ሰብል አመቺ ነው። ላልታጨደው ግን ሌላ ነው። ደረቅ በጋ ማለት የጠራ ሰማይ፣ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣ ደረቅ ነፋስና እርጥበት የሌለው አየር ማለት ነው፤ የውርጭ ሌሊት የሚሠራውም ከእነዚሁ ነው። ደመና እንደ ብርድ ልብስ ነው፤ ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት ይመልሳል። ደመናማ በጋ ከውርጭ ያድናል፣ ነገር ግን እጭድ ላይ ይዘንባል። የጠራ በጋ እጭድን ያደርቃል፣ ነገር ግን ቡቃያን ያቃጥላል። ሁለቱም ጉዳት የሌለበት በጋ ብዙ ጊዜ አይገኝምና የትንበያው የዝናብ ክፍል ብቻውን ሲነበብ ግማሹ መልእክት ይጠፋል። "ከመደበኛ በታች ዝናብ" የሚለውን ያየ ባለሙያ በዚያው ወረቀት ላይ ውርጭ ብሎ መጻፍ አለበት።

ምክንያቱን ከሩቅ ማየት ይረዳል። በጋ ላይ የሚዘንበው ያልተጠበቀ ዝናብ ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣ እርጥበትና ከሰሜን፣ ከሜድትራንያን አቅጣጫ የሚዘልቅ የአየር ሥርዓት ሲገናኙ የሚፈጠር ነው። የምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ከወትሮው ሲሞቅ፣ በተለይም ፓሲፊክ ላይ ኤልኒኖ ሲጨመርበት፣ እርጥበቱ ይበዛል። በ2012 መኸር የሕንድ ውቅያኖሱ የሙቀት ልዩነት በታሪክ ከተመዘገቡት ኃይለኞች አንዱ ነበር፤ በብዙ የሀገሪቱ አካባቢዎች በደረሰ ሰብል ላይ ዝናብ ወርዶ፣ የበረሃ አንበጣም ተጨምሮበት፣ ሰብል የመሰብሰብ ርብርብ ተደርጓል። በ2016 ጥቅምትና ኅዳርም ኤልኒኖና የሕንድ ውቅያኖስ መሞቅ አንድ ላይ ገጥመው በደቡብና በምሥራቅ ኢትዮጵያ ከባድ ጎርፍ አስከትለዋል። ከ2013 እስከ 2015 ባሉት በጋዎች ደግሞ ላ ኒና ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ደቡቡንና ደቡብ ምሥራቁን በድርቅ መትቷል። ማዕከላዊው ደጋ እንደ ቆላው በበጋው ዝናብ የሚኖርና የሚሞት አይደለምና ነገሩን ያን ያህል አይሰማውም፤ አቅጣጫውን ግን ከእነዚሁ ምልክቶች ይይዛል።

ሌላው ሊታወቅ የሚገባው፣ በእነዚህ ከተሞች የበጋው ጠቅላላ የዝናብ መጠን ከመጀመሪያውም ትንሽ መሆኑ ነው። ስለዚህ ለአርሶ አደሩ ወሳኙ የአራት ወሩ ድምር ሳይሆን ቀኑ ነው። መደበኛ በተባለ በጋ ውስጥ በአንድ ሌሊት የሚወርድ ዝናብ መስክ ላይ የተጋደመ ጤፍን ለማበላሸት ይበቃል። የወቅቱ ትንበያ ለዕቅድ ነው፤ ማጭድ የሚነሳው በአሥር ቀኑና በሦስት ቀኑ ትንበያ ነው። የወቅቱ ትንበያ በስብሰባ ላይ በሰፊው ሲነገር የአሥር ቀኑ መግለጫ ብዙ ጊዜ ቢሮ ውስጥ መቅረቱ የሚያስቆጨው ለዚህ ነው።

ሣር፣ ጤፍና ጎመን

ሱሉልታ በሣርና በወተት የምትታወቅ ናት። የክረምቱ ውኃ ከሜዳው ሲሸሽ ሣሩ ይታጨዳል፤ ደርቆ ይከመራል ወይም በማሽን ይታሰራል፤ የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የወተት ላሞች የዓመት ቀለብም በአብዛኛው ከዚህና ከመሰል ሜዳዎች የሚሄደው ድርቆሽ ነው። የሣሩ ጉዳይ የቀናት ጉዳይ ነው። ቀድሞ ከታጨደ መሬቱ እርጥብ ነው፤ አይደርቅም። ከዘገየ ዘሩን ያራግፍና አገዳ ብቻ ይቀራል፤ ክብደት እንጂ ምግብ የለውም። ታጭዶ በተዘረጋበት ዝናብ ካገኘው ይጠቁራል። ጠቁሮ በደንብ ሳይደርቅ ከተከመረ ይሻግታል።

የሻገተ ድርቆሽ የሚጥለው ዋጋ ብቻ አይደለም። በሻገተ መኖ ላይ የሚፈጠሩ አንዳንድ የሻጋታ መርዞች በላሟ በኩል አልፈው ወተት ውስጥ ይገባሉ፤ አፍላቶክሲን የሚባለው በዚህ ይታወቃል፤ ወተቱን በማፍላትም አይጠፋም። ስለዚህ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሱሉልታ የሚዘንብ ዝናብ ጥር ላይ አዲስ አበባ በሚጠጣ ወተት ውስጥ ሊገባ ይችላል። የሦስት ቀን ትንበያ ደመና ካሳየ ያልታጨደውን ማቆየት፣ የታጨደውን ሳይረጥብ ሰብስቦ በትንንሽ ጉብታ ማቆም ይሻላል። የረጠበውን ደግሞ ከደረቀው ጋር አለመቀላቀል። ይህን ብዙዎች ያውቁታል፤ ሣሩ በጨረታ ወይም በእርቦ ተይዞ አጫጁ የቀን ሠራተኛ ሲሆን ግን ዝናብ ይመጣል ብሎ ሥራ የሚያቆም አይገኝም። የሠራተኛው ክፍያ በቀን ሳይሆን በክምር ወይም በእስር ቢሆን ነገሩ ይቀልል ነበር።

ቅዝቃዜው ላሞቹን ብዙ አያስቸግርም፤ በቂ ድርቆሽ የበላች ላም ከሆዷ ትሞቃለች። የሚጎዱት ጥጆች ናቸው። እርጥብ ወለልና በበር ሥር የሚገባ ነፋስ ከቴርሞሜትሩ ቁጥር በላይ የሳንባ ምች ያመጣሉ። ደረቅ ጭድ ማንጠፍና ከወለሉ አጠገብ ያለውን ቀዳዳ መድፈን ይበቃል፤ ከላይ ያለው የአየር መውጫ ግን መደፈን የለበትም።

ሰበታ ከሱሉልታ 300 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ ከጀርባዋ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የወጨጫ ተራራ ቆሟል፤ ከፊቷ ሜዳው ወደ አዋሽና ወደ በቾ ይዘረጋል። ጥቁር አፈር ነው፤ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ጓያና ምስር የሚበቅልበት። እዚህ ውርጭ የየዓመቱ እንግዳ አይደለም፤ ሲመጣ ግን ከተራራው ሥር ወደ ወንዙ የሚወርደውን መስመር ይዞ ነው የሚመጣው። ሽምብራ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ተዘርቶ በአፈሩ ውስጥ በቀረ እርጥበት ስለሚያድግ የሚያብበውና የሚያፈራው በቀዝቃዛዎቹ ወራት ነው። አበባና ለጋ ፍሬ ላይ ያረፈ ውርጭ ምርቱን ይቀንሳል። ወንዝ ዳር ላለው ዝቅተኛ ማሳ ከሽምብራ ይልቅ ቅዝቃዜ የሚችል ሰብል መምረጥ የሚቀጥለው ዓመት ውሳኔ ነው፤ የሚወሰነው ግን የዘንድሮውን ውርጭ ማሳ በማሳ ያየ ሰው ካለ ነው።

የሰበታ ዋና ስጋት የጤፉ ዝናብ ነው። ታጭዶ የተጋደመ ጤፍ ከረጠበ ነጩ ወደ ቡና ዓይነት ይለወጣል፤ ደጋግሞ ከረጠበ ዛላው ላይ እንዳለ ይበቅላል። ማኛ ተብሎ ሊሸጥ የነበረው ሠርገኛ ሆኖ ይወጣል፤ የዋጋውን ልዩነት ለዚህ ገጽ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። የቆመ ጤፍ ከተጋደመው፣ በደንብ የተከመረው ደግሞ ከሁለቱም ይሻላል። ክምሩ ከመሬት ከፍ ብሎ በድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ ቢቀመጥ፣ ዛላው ወደ ውስጥ ገብቶ ጫፉ ቢሾል፣ ዙሪያው ቦይ ቢኖረው አንድ ሁለት ዝናብ ይችላል። ሸራ መኖሩ መልካም ነው፤ እርጥብ ክምር በሸራ አፍኖ መተው ግን ዝናቡ ካደረሰው የባሰ ጉዳት ያደርሳል። ፀሐይ ስትወጣ መግለጥ ግድ ነው።

ቡራዩ ላይ እርሻው ጥቂት ነው፤ ከተማው ውጦታል። በገፈርሳ ዙሪያና በጅረቶቹ ዳር የቀሩት አትክልት አልሚዎች ግን ከማንም በላይ ቁጥሩን ማወቅ ያለባቸው ናቸው፤ ምክንያቱም በመስኖ የሚያለሙት በውርጩ ወራት ነው። ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር ቀላል ውርጭ ይችላሉ። ድንች፣ ቲማቲምና ቃሪያ አይችሉም። ሰላጣ በመካከል ነው። ታኅሣሥ ላይ ወንዝ ዳር ድንች የተከለ ሰው ቁማር ተጫወተ እንጂ እርሻ አረሰ አይባልም። ተከላውን ወደ ጥር ማጠናቀቂያ መግፋት ይሻላል።

ማታ የሚታይ ምልክት

ውርጭ ድንገት ይመጣል ይባላል፤ ማታውኑ ይታወቃል። ቀን ፀሐዩ ጠንካራ ሆኖ ነፋስ ከዋለ በኋላ አመሻሽ ላይ ጸጥ ካለ፣ ሰማዩ ላይ አንድም ደመና ከሌለ፣ አየሩ ከንፈር የሚሰነጥቅ ደረቅ ከሆነ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ብርዱ ካንቀጠቀጠ ሌሊቱ የውርጭ ነው። ነፋሱ ሌሊቱን ከቀጠለ አየሩን ያዋህደዋልና ስጋቱ ይቀንሳል። ዝቅተኛው ሙቀት የሚመዘገበው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ጎህ ሲቀድ፣ ከሌሊቱ 11 እስከ ማለዳው 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ማታ 4 ሰዓት ላይ ወጥቶ ደህና ነው ብሎ የተኛ ሰው የሚሳሳተው ለዚህ ነው።

ምን ይደረግ ለሚለው፣ ከሁሉ የሚቀድመው ውኃ ነው። እርጥብ አፈር ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ከደረቅ አፈር የበለጠ ይይዛል፤ ሌሊትም ቀስ እያለ ይለቀዋል። ስለዚህ ውርጭ በሚያሰጋበት ቀን ማሳውን ረፋድ ላይ ማጠጣት ይጠቅማል። የሚጠጣው አፈሩ ነው። አመሻሽ ላይ ቅጠሉን ማርጠብ ግን ይጎዳል፤ ውኃው ሲተን ቅጠሉን ይብስ ያቀዘቅዘዋል። በዚያ ሰሞን መኮትኮትም ጥሩ አይደለም፤ የላላ አፈር ሙቀት አይይዝም። አረምም መሬቱን ከፀሐይ ይጋርዳልና ቀደም ብሎ መነቀል ነበረበት።

ጭድ ላይ ብዙ ስህተት አለ። ችግኝን ከላይ በጭድ ወይም በጆንያ ሸፍኖ ማለዳ መግለጥ ያድናል። በተክሎቹ መካከል መሬት ላይ ጭድ ማንጠፍ ግን የአፈሩን ሙቀት ከታች አፍኖ ቅጠሉን ለብርዱ ይተወዋል። እርጥበት ለመጠበቅ በሌላ ጊዜ የሚመከረው ይህ አሠራር በውርጭ ሰሞን ቢነሳ ይሻላል። ጭስ ማጨስም የተለመደ ነው፤ ጭሱ ግን እንደ ደመና ሙቀት አይመልስም፤ የሚጠቅመው እሳቱ እንጂ ጭሱ አይደለም። በየማሳው እሳት ለማንደድ የሚሆን እንጨት ደግሞ ማንም የለውም።

በሪፖርት ላይ ያለው በረዶ

የጉዳት ሪፖርቶች ላይ የሚታይ አንድ የቃል ችግር አለ። በውርጭ የተጎዳም፣ ከነጎድጓድ ጋር በወረደ በረዶ የተመታም ማሳ ሁለቱም "በበረዶ የተጎዳ" ተብሎ ይጻፋል። በረዶ ከደመና የሚወርድ ነው፤ ቅጠል ይበሳል፣ ግንድ ይሰብራል፣ በጠባብ መስመር ያልፋል። ውርጭ ከማንም አይወርድም፤ መሬቱ ላይ ይሠራል፣ ዝቅተኛውን ቦታ ሁሉ ያዳርሳል። ለመጀመሪያው የሚደረገው ጥቂት ነው። ሁለተኛው ግን በየዓመቱ በአንድ ቦታ ስለሚመለስ የሰብል ምርጫና የዘር ወቅትን በማስተካከል የሚቀነስ ነው። ሁለቱ በአንድ ቃል ከተጻፉ የአምስት ዓመት ሪፖርት ተሰብስቦም የትኛው ጎጥ የውርጭ ጎጥ እንደሆነ ማወቅ አይቻልም።

ለዚሁ የሚረዳው መሣሪያ ውድ አይደለም። ኢንስቲትዩቱ ከዋና ዋናዎቹ ጣቢያዎች ሌላ ዝናብን ከከፍተኛና ከዝቅተኛ ሙቀት ጋር የሚመዘግቡ ሦስተኛ ደረጃ፣ ዝናብ ብቻ የሚለኩ አራተኛ ደረጃ ጣቢያዎች አሉት። ሙቀት የማይለካ ጣቢያ ስለ ውርጭ አይናገርም። የሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት ይዞ የሚያቆይ አንድ ቴርሞሜትር በገበሬ ማሠልጠኛ ማዕከል፣ ሌላው ደግሞ በዝቅተኛው ማሳ ላይ በሰብሉ ቁመት ተተክሎ ባለሙያው ማለዳ ማለዳ ከአዲስ አበባው ቁጥር ጎን ቢጽፍ፣ በአንድ በጋ ውስጥ የቀበሌው ልዩነት ይታወቃል። ልዩነቱ 5 ከሆነ ከዚያ በኋላ ሬዲዮው 6 ባለ ቁጥር በዚያ ቀበሌ ምሽቱን የሚተላለፈው መልእክት ግልጽ ነው። የእጅ ስልክ በሌለበት ቤትም ጎረቤት አለ።

በዘልማድ "በጥቅምት አንድ አጥንት" ይባላል፤ ብርዱ የሚጀምርበት ወር ነውና። የሚከፋው ግን ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መግቢያ ያለው ነው። ጥር ሲጋመስ የቀኑ ሙቀት ከፍ ማለት ይጀምራል፤ ነፋሱ ይበረታል፤ ድርቆሽ በተከመረበት ግቢ አንድ የሲጋራ ቁራጭ የዓመቱን ቀለብ የሚያወድምበት ሰሞን ይሆናል። ከዚያ የበልግ ደመና ብቅ ይላል። የመጀመሪያው ዝናብ ብዙውን ጊዜ ነጎድጓድና በረዶ ይዞ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው። በዚያን ጊዜ ሱሉልታ ላይ ክምሩ ያልተሸፈነ፣ ሰበታ ላይ ሽምብራው አውድማ ላይ ያለ፣ ቡራዩ ላይ ደግሞ ድንቹ ገና ሁለት ቅጠል ያወጣ አርሶ አደር የሚጠብቀው የሦስት ቀኑን ትንበያ ነው።